መድረስ የሌለበት ሯጭ

በፍልስፍና ሐሳብ ላይ ትናንሽ ጌሞች እየሠራሁ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሰሞኑን በግሪካዊው ፈላስፋ በዜኖ ሐሳብ ላይ የሠራሁት ሯጭ በትክክል መሥራት ጀመረልኝ። በጣም ደስ ስላለኝ ላካፍላችሁ ብዬ ነው።

አጀማመሬን ባጭሩ ልለፈው። የጀመርኩት በቢትሲ ነው። በብራውዘር የሚከፈት ነጻ መሣሪያ ነው፤ ኮድ ሳትጽፉ 8 በ8 ፒክስል ሥዕል እየሣላችሁ ክፍል ከክፍል ታገናኛላችሁ። ለጀማሪ ከሱ የተሻለ አላየሁም። ከዚያ ጎዶት ወደሚባለው የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር ተሻገርኩ።

ዜኖ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዘመን የኖረ የኤልያ ከተማ ሰው ነው። ሐሳቡን ያቆየልን አሪስቶትል ነው። ሯጭ ከመድረሱ በፊት የመንገዱን ግማሽ መሄድ አለበት። ከዚያ የቀረውን ግማሽ። ከዚያ የዚያንም ግማሽ። ግማሽ ስለማያልቅ አይደርስም። የኔ ጌም አንድ ቁልፍ ብቻ ነው ያለው፤ በተጫናችሁት ቁጥር ሯጩ የቀረውን መንገድ ግማሽ ይሄዳል። ኮዱ አንድ መስመር ነው።

ሯጩ ግን ደረሰ።

አንደኛው ምክንያት ስክሪኑ ነው። ሜዳው 320 ፒክስል ነበር። 9 ጊዜ ስትጫኑ የቀረው መንገድ ከአንድ ፒክስል ያንሳል፤ ለዓይን ሯጩ መስመሩ ላይ ቆሟል። ሁለተኛው ቁጥሩ ራሱ ነው። ኮምፒውተር ለአስርዮሽ ቁጥር የሚሰጠው ቦታ ውስን ነው። መነሻውን 0፣ መድረሻውን 1 ብላችሁ ግማሽ ግማሹን ስትደምሩ፣ ባለ 64 ቢት ቁጥር 54ኛው ላይ ተጠጋግቶ 1 ይሆናል። ጎዶት የሯጩን ቦታ ለመያዝ የሚጠቀምበት ቬክተር የሚባል የቁጥር ዓይነት ደግሞ ካልቀየራችሁት 32 ቢት ስለሆነ 25ኛው ላይ ያበቃል። ዜኖ አያልቅም ያለው ግማሽ ማሽኑ ውስጥ ያልቃል።

ይሄ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። "ማን 25 ጊዜ ይጫናል? ተወው" ያሉኝ ነበሩ። አልተውኩትም። ሯጩ አንድ ጊዜ እንኳን ከደረሰ ጌሙ ስለ ዜኖ የሚናገረው ውሸት ነው።

መፍትሔው ቦታውን ጭራሽ አለመመዝገብ ሆነ። ጌሙ አሁን የሚይዘው ቁልፉ ስንት ጊዜ እንደተጫነ ብቻ ነው። ሙሉ ቁጥር ስለሆነ መጠጋጋት የለም። ካሜራው ደግሞ በየጭነቱ በእጥፍ ይቀርባል። ሯጩ ግማሽ ሜዳ ይሮጣል፣ ካሜራው ይጠጋል፣ የቀረው መንገድ እንደገና ስክሪኑን ይሞላል። መጀመሪያ ላይ የመድረሻው መስመር አብሮ እየወፈረ አስቸገረኝ፤ ውፍረቱን በየጭነቱ በግማሽ መቀነስ ነበረብኝ። የጂኦሜትሪው ሊቅ ኤውክሊድ "መስመር ስፋት የሌለው ርዝመት ነው" ያለው ለምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

ከዚያ ያልጠበቅኩት ነገር መጣ። ሥዕሉ ሁሌ አንድ ዓይነት ስለሆነ ሯጩ መንቀሳቀሱ ራሱ ያጠራጥራል። ዜኖም ሊል የፈለገው ይህንኑ ነው። አንድም ቃል ሳልጽፍ ስክሪኑ ላይ ወጣ።

ለኔ ሐሳቡ የጨዋታው ሕግ ውስጥ ከሌለ የፍልስፍና ጌም የለም። የጄሰን ሮረርን ፓሴጅ የሚባል ጌም ተጫወቱት፤ የ2007 ሥራ ነው፣ 5 ደቂቃ ብቻ ይፈጃል። የትዳር አጋር ካገኛችሁ ለብቻችሁ ታልፉበት የነበረው ጠባብ መንገድ ይዘጋባችኋል። ማንም አላብራራላችሁም፣ ግን ገብቷችኋል። ፈላስፋዋ ፊሊፓ ፉት በ1967 ባነሳችው የሐዲዱ ችግር (ባቡሩ አምስት ሰው ከሚገድል ወደ አንዱ ሰው ይዙር ወይ የሚለው) ላይ የሚሠሩት ጌሞች ግን አይጥሙኝም። ሁለት ምርጫ አቅርቦ "የቱን?" ማለት ፈተና ነው፣ ጨዋታ አይደለም።

"ፈላስፋው ዘርአ ያዕቆብ እያለልን ለምን ግሪክ?" የምትሉኝ አላችሁ። ልክ ናችሁ፣ እኔም እፈልገዋለሁ። ግን ሁለት ዓመት የተሸሸገበትን ዋሻ መሣል ስለ እሱ ሐሳብ ጌም መሥራት አይደለም። የሰማውን ሁሉ በልቦናው የመረመረ ሰው ነው። መመርመርን ተጫዋቹ በእጁ የሚሠራው ሕግ እስካገኝ አልነካውም።

ጌሙ ማብቂያ የለውም። "አመሰግናለሁ" የሚል ገጽ ጨምር ተብዬ ነበር፣ አልጨምርም። የበቃው ይዘጋዋል።

ድምፅ ላይ ግን ምክር የለኝም። የእርምጃው ድምፅ በየጭነቱ በእጥፍ እንዲቀጥን ሞክሬ ነበር። ከ100 ኸርዝ ተነስቶ 8ኛው እጥፍ ላይ ከሰው ጆሮ አቅም በላይ ይሆናል። ሁልጊዜ ወደ ላይ የሚወጣ የሚመስል ግን የትም የማይደርስ፣ የሼፐርድ ድምፅ የሚባል ነገር አለ። ጎዶት ላይ የሞከራችሁት ካላችሁ እንዴት እንደሠራችሁት ጻፉልኝ።