ክዳን ብዬ ውታፍ ገዛሁ

የነዳጅ ክዳኔን የጣልኩት ራሴ ነኝ። መጀመሪያ የማደያው ቀጂ ላይ ላሳብብ ሞክሬ ነበር፤ አላስኬደኝም። ደብረ ብርሃን፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል፣ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ክዳኑን ፈትቼ ጣሪያው ላይ አስቀመጥኩት። ተቀዳልኝ፣ ከፈልኩ፣ ከኋላዬ ያለው ባጃጅ ጥሩምባውን ለቀቀብኝ፣ ወጣሁ። ማታ ግቢ ስገባ ቤንዚን ቤንዚን ይሸተኛል። ዞሬ ሳይ መኪናዋ አፏን ከፍታ ቆማለች።

መኪናዬ ዲኤክስ የምትባለዋ የድሮ ቶዮታ ናት። ካርቡራቶር ያላት፣ በዕድሜ የምትበልጠኝ።

ሦስት ቀን ጨርቅ በፌስታል ጠቅልዬ ወትፌ ነዳሁ። አታድርጉት። በሦስተኛው ቀን ሳወጣው ጨርቁ ቤንዚን ጠጥቶ የኩራዝ ክር መስሏል። ክብሪት ብቻ ነው የጎደለው።

ከዚያ መለዋወጫ ቤት ሄድኩ። «የዲኤክስ ክዳን አለ?» ልጁ ከመደርደሪያ አንድ ጥቁር ክዳን አወረደ። «ይሄ ይገጥማል» አለኝ። እውነትም ገጠመ። ጥብቅ አለ። ሽታው ጠፋ። ደስ ብሎኝ እሁድ እናቴን ይዤ አክስቴ ዘንድ ሸዋ ሮቢት ወረድኩ።

መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ግን ጃኬት ለብሰህ ወጥተህ በካናቴራ ትደርሳለህ። ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ነህ፤ ጣሊያን የበሳውን ዋሻ አልፈህ ቁልቁል ትያያዘዋለህ። ሮቢት ስትደርስ 1,300 ሜትር ገደማ ነው። ጭጋጉ ውስጥ እናቴ ውሃ ጠጥታ ባዶውን ሃይላንድ ከድና ወንበሩ ላይ ጣለችው። ደብረ ሲናን አልፈን ስንወርድ ሃይላንዱ «ቋ!» አለ። እናቴ አማተበች። ዞር ብዬ ሳይ ሆዱ ገብቶ ተጨማዷል። ሳቅንበት።

አርማኒያ ከተማን አለፍ ብለን መኪናዋ መሳል ጀመረች። ነዳጅ እረግጣለሁ፣ አትሄድም። አንዘፈዘፈችኝና ጠፋች። ቤንዚን ግማሽ አለ። ኮፈን ከፍቼ የማላውቀውን ነገር ሳይ ቆየሁ። በመጨረሻ፣ ምናልባት ጌጁ ዋሽቶኝ ይሆናል ብዬ፣ ክዳኑን ፈታሁት። «ሽሽሽሽ» ብሎ አየር ወደ ውስጥ ሳበ። ቁልፉን ሳዞር ጥቂት ተንተባትባ ተነሳች። ሮቢት ደረስን፤ ስንመለስ ክዳኑን ላላ አድርጌ ነው የነዳሁት። እናቴ እስከ ደብረ ብርሃን በነጠላዋ አፍንጫዋን ይዛ መጣች።

ጎረቤታችን ጋሼ የድሮ ሹፌር ናቸው። አሰብ መስመር በኤንትሬ የጭነት መኪና ስንት ዓመት ተመላልሰዋል። ክዳኑን ተቀብለው ገለበጡት፣ በጣታቸው ነካኩት።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ክዳን አይደለም፣ ውታፍ ነው» አሉኝ።

«ገጥሟል እኮ ጋሼ።»

«መግጠሙን መች ካድኩ። በምን ይተንፍስ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተሩ ቤንዚን በጠጣ ቁጥር ሰልባትዮው፣ ማለት የነዳጅ ቋቱ፣ ውስጥ የጎደለውን ቦታ አየር መሙላት አለበት። አየር ካልገባ ፖምፓው ይስባል፣ ሰልባትዮውም መልሶ ይስባል፤ ቤንዚኑ መሃል ላይ ይቀራል። በዚያ ላይ እኛ የደብረ ብርሃንን ስስ አየር ዘግተንበት ወርደናል። ታች ያለው አየር ወፍራም ነው፤ ከውጭ ይጫናል። «ሃይላንዱን አላየሽም?» አሉኝ። ሃይላንዱን እናቴ ነበረች የነገረቻቸው፣ እንደ ተአምር አድርጋ። እኔ ግን ከክዳኑ ጋር አላገናኘሁትም ነበር። አንዳንድ መኪና በሌላ ቱቦ ይተነፍሳል፤ የገዛሁት ክዳን ለእንደዚያ ዓይነቱ የተሠራ ነው። የእኔዋ በክዳኗ ነው የምትተነፍሰው።

ጋሼ ካርቶን ቆረጡና የሰልባትዮው አፍ ላይ ጫን አደረጉት። ሲያነሱት ጥቁር ክብ ታትሞ ቀረ፣ ክዳኑ የሚነክስባቸው ሁለቱ ጎዶሎዎች ሳይቀሩ። «ይሄን ይዘሽ ሂጂ። በአፍ አትግዢ።» ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ጋ ሄጄ ካርቶኑ ላይ እያስቀመጥኩ አራት ክዳን ሞከርኩ። አራተኛው ልክ መጣ።

ሥራውን ግቢያችን ውስጥ ሠራነው። እናቴ ቡና ልታፈላ ከሰሉን ይዛ ብቅ ስትል ጋሼ ጮኹባት፤ ምድጃው ወደ ጓሮ ተሰደደ። የክዳኑ ጎማ ቀለበት ደርቆ ተሰነጣጥቋል። በትንሽ ካቻቢቴ ፈልቅቀን አወጣነው፤ ቤንዚን የሚችል አዲስ ቀለበት ገባበት። ተራ ጎማ ቤንዚን ሲነካው ያብጣል፣ እሱን እንዳትሞክሩ። ክዳኑን በሳሙና አጥቤ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ከውስጥ በኩል መሃሉ ላይ ከሸሚዝ ቁልፍ የምታንስ ክብ ነገር አለች፣ ከኋላዋ ስፕሪንግ። በጥፍሬ ሳብ ሳደርጋት መጣች፤ ስለቃት ተመለሰች። መኪናዬ የምትተነፍሰው በዚያች ነው።

የአፉን ከንፈር በንጹሕ ጨርቅ ጠረግነው፤ አቧራ ካለ አዲሱም ቀለበት አይዘጋም። ክዳኑን ገጥሜ እስኪይዝ አዞርኩት። ጋሼ በሲባጎ አንገቱን አስረው ሌላውን ጫፍ የነዳጅ በሩ ማጠፊያ ላይ ቋጠሩት። ሽቦ ልስጥዎት ብላቸው ቀለም ይጭራል አሉኝ።

በሳምንቱ ሮቢት ደርሼ መጣሁ። አንዴም አላሳላትም። ስመለስ ማደያ ገባሁ። ቀጂው ክዳኑን ፈትቶ ጣሪያው ላይ ሊያስቀምጠው እጁን ሲዘረጋ ሲባጎው አላደርስ አለው።