ጅማ ውስጥ ፓድ ይዤ ዋልኩ

ለሥራ ጅማ በሄድኩ ቁጥር ማታ ማታ የማደርገው አንድ ዓይነት ነበር። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ወዲያ ወዲህ ማለት፣ አንድ ስኒ ቡና መጠጣት፣ መተኛት። ዘንድሮ ግን አብሮኝ የሚሠራ የከተማው ልጅ «ዛሬ ከእኔ ጋር ነህ» አለኝ። የት? «ሙአይ ታይ»፣ የታይላንዶቹ ፍልሚያ። ጅማ ውስጥ? «ጅማ ምን ይጎድላታል?» አለና ባጃጅ አስቆመ።

መንገዱን ብዙ አላወራም። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በወሊሶና በወልቂጤ አድርጎ ግቤ ሸለቆ ይወርዳል፣ ከዚያ መልሶ ይወጣል። ለወገብ ጥሩ አይደለም። ስፖርት ሳልሠራ ስለቆየሁ እንደምንም ማምለጫ ፈልጌ ነበር። ልጁ ግን ለእኔ የሚሆን ቁምጣ ጭምር ይዞ ነው የመጣው።

ቤቱ ድሮ የቡና መጋዘን ነበር አሉ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ወለሉ ላይ ቴኳንዶ ቤት የምናውቀው ዓይነት ምንጣፍ ተነጥፏል፤ ጥግ ላይ በጨርቅ የተሞሉ ሦስት ጆንያዎች በሰንሰለት ተንጠልጥለዋል። ግድግዳው ላይ የቡዋካው ባንቻሜክ ፎቶ አለ። በ2004 እና በ2006 እ.ኤ.አ. ኬ ዋን ማክስ የሚባለውን የኪክቦክሲንግ ውድድር ያሸነፈው ታይላንዳዊ ነው። እዚያ ከነበሩት ልጆች ግማሾቹ ያኔ ገና አልተወለዱም፤ ግን ቪዲዮውን በቃላቸው ያውቁታል።

ትምህርቱ የሚጀምረው ከመግሪብ ሰላት በኋላ ነው። ቀድመን ስለደረስን ቁጭ ብለን ጠበቅን። ሰጋጆቹ ተመለሱ፣ ጫማ በሩ ላይ ወለቀ፣ አሰልጣኙ ገባ። ሁሉም «ማስተር» ነው የሚሉት። ልጅነቱን በቴኳንዶ አሳልፏል። ሙአይ ታይን ግን የተማረው ዱባይ ሥራ ላይ እያለ ነው።

ታይላንድ ውስጥ ተፋላሚው ከውጊያው በፊት በሙዚቃ ታጅቦ ሪንጉን ይዞራል፣ ይንበረከካል፣ ለመምህሩ ይሰግዳል። ጭንቅላቱ ላይ የሚያደርጋትን ጥምጥም የመሰለች ነገር የሚያወልቅለት መምህሩ ነው። ማስተር ይሄን ነገር ጅማ ሲያመጣው ቀለል አድርጎታል። ተሰልፈን ቆምን፣ ቀኝ እጃችንን ደረታችን ላይ አደረግን፣ አንገታችንን ትንሽ ዝቅ አደረግን፣ አለቀ። ሙስሊሙም ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም የሚሰግድለት ሌላ አለው። በእኔ ግምት ከዚህ የተሻለ መላ አይገኝም።

ከዚያ ገመድ ዝላይ። ጅማ ከፍታዋ ከባህር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር ብዙም ስለማይበልጥ፣ ከአዲስ አበባ ለመጣ ሰው አየሩ ይቀለዋል ብዬ ተጽናንቼ ነበር። አይቀልም። ማስተር «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ» እያለ በኦሮምኛ ይቆጥራል፣ ሲቆጣ ወደ አማርኛ ይዞራል። ወደ እኔ ሲመጣ ሁልጊዜ በአማርኛ ነበር።

ለማያውቀው ሰው፦ ቦክስ በሁለት ቡጢ ነው። ሙአይ ታይ ግን ስምንት መምቻ አለው ይላሉ፤ ሁለት ቡጢ፣ ሁለት ክርን፣ ሁለት ጉልበት፣ ሁለት እግር። እግር ሲባል ደግሞ የእግር ጀርባ አይደለም፣ ቅልጥም ነው። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። እንደ ብዙ የሰፈር ልጅ እኔም በልጅነቴ ቴኳንዶ ተምሬያለሁ። በቴኳንዶ ጉልበትህን አጥፈህ ታነሳለህ፣ ከዚያ እንደ አለንጋ ትለቀዋለህ። ማስተር ይሄን ሲያይ ራሱን ነቀነቀ። «እግርህን እርሳው። ዳሌህን ወርውር፣ እግርህ ይከተላል» አለኝ። የቆምክበት እግር ተረከዝ ከመሬት ይነሳና በጣቶቹ ላይ ይዞራል። በምትመታበት በኩል ያለው እጅ ወደ ኋላ ይወረወራል። ሰውነት በሙሉ ይዞራል። ሲሳካ ጆንያው ላይ የሚወጣው ድምፅ ሌላ ነው። እኔ ስንት ጊዜ ሞክሬ አንድ ሁለቴ ሰማሁት፤ ለዚያች ድምፅ ብቻ ሰው ተመልሶ ይመጣል።

ከዚያ ጥንድ ጥንድ ሆንን። የእኔ ጓደኛ የሆነችው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የምትማር ቀጭን ልጅ ናት። ሂጃቧን አጥብቃ አስራለች፣ ከውስጥ ረጅም ታይት አድርጋለች። እጄን በፋሻ የጠቀለለችልኝ ራሷ ናት። አውራ ጣት ላይ ጀምራ፣ አንጓ ላይ ደጋግማ፣ በጣቶቼ መሐል እያሳለፈች። ስትጨርስ «ጠበቀብዎት እንዴ ጋሼ?» አለችኝ። ጋሼ! አንቱ! ቁምጣ ለብሼ።

መጀመሪያ የምትመታው እሷ ሆነች፣ ፓድ የምይዘው እኔ። ፓድ ማለት ምቱን የሚቀበል ወፍራም ትራስ ነው፤ መያዙ ማረፊያ መስሎኝ ነበር። ሁለቱን ፓዶች ክንድህ ላይ ታስራለህ፣ ጎን ለጎን ትገጥማቸዋለህ፣ ክርንህን ከጎንህ ታጣብቃለህ። ምቱ ሲመጣ ትንሽ ወደፊት ትቀበለዋለህ። ክንድህ ከላላ ፓዱ ተመልሶ አፍንጫህን ይመታል፤ ቀድመህ ከገፋህ ደግሞ የእሷን እግር ትጎዳለህ። ስለዚህ ዓይኖቿን ሳይሆን ዳሌዋንና ትከሻዋን እያየህ ትጠብቃለህ። «ጋሼ፣ ክርንዎን!» አለችኝ። ቀጥሎ የመጣው ምት ጥርሴን አንገጫገጨው። ታይላንድ ውስጥ ፓድ መያዝ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ የሚይዙት ብዙ ጊዜ ከውድድር የወጡ ተፋላሚዎች ናቸው። እየጠሩ ያስመታሉ፣ እጁን ያወረደውን እነሱም በፓዱ ይጠልዙታል። ለምን እንደሆነ ክንዴ ገባው። ያን ማታ ስለዚህ ስፖርት የገባኝን አብዛኛውን ያገኘሁት እየመታሁ ሳይሆን ለእሷ ይዤ ነው። ጥሩ ምት ከየት እንደሚነሳ የሚታየው ከፊት ለፊት ነው።

በእረፍቱ ላይ የባንኮኩ ሉምፒኒ ስታዲየም ነገር ተነሳ። በ1956 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ነው፤ ሴት ግን ሪንጉ ላይ ወጥታ እንድትፋለም የተፈቀደው በ2021 ነው። ለልጅቷ ይሄን ሳወራላት በጣም አልገረማትም። «እዚህም መጀመሪያ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ» አለችና ውሃዋን ጠጣች። አሁን አምስት ስድስት ሆነዋል።

አንዱ ጎረምሳ ቅልጥሙን ለማደንደን ጠርሙስ እያንከባለለ እንደሚያሽ ነገረን። ኢንተርኔት ላይ አይቶ ነው። ማስተር ከመቆጣቱ በፊት ሐኪሟ ቀደመችው። አጥንት የሚጠነክረው በልኩ እየተመታ፣ በመሐል እረፍት እያገኘ ነው፤ ጠርሙስ የሚጎዳው ሥጋውንና ነርቩን ነው አለችው። ማስተር ወደ ጆንያው ጠቆመ። «ያውልህ ጠርሙስህ!» ዝናቡ በዚህ መሐል ቆርቆሮው ላይ ወረደ። ከዚያ በኋላ መመሪያ በእጅ ምልክት ሆነ።

በማግስቱ ጠዋት ከሥራ በፊት ጅሬን ወጣን። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ኮረብታ ላይ ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር ጅማን ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. የገዙ ንጉሥ ናቸው። ለምኒልክ እየገበሩ የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው መቆየታቸው ብልህነታቸውን ያሳያል። የእንጨት ሥራው ግሩም ነው፣ በረንዳው ከተማውን ያሳያል። ደረጃውን ግን የወጣሁት ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ ነው። ታፋዬ፣ ባቴ፣ ስሙን የማላውቀው የጎን ጡንቻ ሁሉ አድሟል። አስጎብኚው ንጉሡ ቁመታቸው ከሁለት ሜትር በላይ ነበር ይባላል ሲለን የሥራ ባልደረባዬ ወደ እኔ ዞሮ «የእሳቸውን አንገት ማን ይደርስበታል?» አለኝ። ማታ እንደምንመለስ የነገረኝ በዚህ መንገድ ነው።

የማታው ትምህርት አንገት ለአንገት መያያዝ ነበር። ቦክስ ላይ ሁለት ሰው ሲተቃቀፍ ዳኛው ያላቅቃል። እዚህ ግን ዋናው ሥራ ያኔ ይጀምራል። እጅህ የሚሄድበት ቦታ አለው፤ ማጅራት ላይ አይደለም፣ ከፍ ብሎ የጭንቅላት ጀርባ ላይ ነው። ክርንህን ሰብስበህ ትስባለህ፣ ያጎነበሰውን በጉልበት ትቀበለዋለህ። ሐኪሟ ተረኛ ስለሆነች አልመጣችም። የደረሰኝ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነው። አንገቴን ይዞ ወለሉ ላይ ሲያዞረኝ፣ «ይቅርታ ጋሼ፣ ይቅርታ ጋሼ» ይላል፤ አይለቅም ግን።

ስንጨርስ ማስተር አዲስ አበባ የሚያውቀውን አንድ አሰልጣኝ ስልክ ሰጠኝ። ፋሻ ራስህ ግዛ፣ ጓንት ግን መጀመሪያ ላይ የእነሱን ተጠቀም፣ ምክንያቱም ውድ ነው አለኝ። ፋሻውን እዚያው ጅማ መርካቶ ፈልጌ አጣሁ። የሕክምና ፋሻ ይዤ ነው የተመለስኩት።