በቀን 1 ሚሊ ሜትር የመጣ መልስ

ጌታ ስሙ ይባረክ። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ስመሰክር ሰዓቱ አልበቃኝም ነበር፤ የቀረውን እዚህ ልጨርሰው።

ምስክርነት ሲባል ሰው የሚጠብቀው ወዲያው የሆነ ነገር ነው። እጅ ተጫነ፣ ታማሚው ዘሎ ተነሳ፣ ቤቱ በእልልታ ቀለጠ። እኔም የጠበቅሁት እሱን ነበር። የእኔው ከስድስት ወር በላይ ፈጅቷል፤ መሃሉ ላይ ደግሞ ቀዶ ጥገና አለበት። እንዲያም ሆኖ ያዳነኝ ጌታ ነው እላለሁ፤ ለምን እንደምል ስሙኝ።

ሥራዬ ፀጉር ሥራ ነው። ጀሞ ትንሽ ፀጉር ቤት አለችኝ። ሹሩባ ቁጭ ተብሎ ይሠራል። ፔስትራው፣ ቢጎዲኑ፣ ቀለሙ ግን የቆመ ሰው ይፈልጋል። የበዓል ሰሞንማ አይነሳ፤ ጠዋት የገባሁ ማታ እስክወጣ ወንበር አላይም።

መጀመሪያ የቀኝ ውስጥ እግሬን ማታ ማታ ያቃጥለኝ ጀመር። ብርድ ልብስ ሲነካኝ አልችልም። እግሬን ከአልጋው አውጥቼ ሲሚንቶው ላይ አሳርፌ ነበር የምተኛው። ቀን ቀን ደግሞ ይደነዝዛል። አገራችን ሁሉም ሰው ሐኪም ነውና ምክሩ ጎረፈ። አንዷ "ብርድ መትቶሽ ነው" አለችኝ። ሌላዋ "ሪህ ነው፣ ሥጋ ተዪ" አለች። ወጌሻ ጋ ሄጄ በቅቤ ታሸሁ። ሥጋውን ተውኩ፤ ማቃጠሉ ግን እኔን አልተወኝም።

ያስደነገጠኝ ግን ማቃጠሉ አልነበረም። አንድ ቅዳሜ የደንበኛ ፀጉር እያጠብኩ ነው። ወለሉ ስለረጠበ ነጠላ ጫማዬን አውልቄያለሁ። ደንበኛዬ ቀና ስትል ጮኸች። ወለሉ ላይ ደም አለ። ውስጥ እግሬን ገልብጬ ሳይ የፀጉር ማስያዣ ሽቦ እስከ ግማሿ ገብታ ተሰክታለች። በእሷ ላይ ስራመድ ቆይቻለሁ ማለት ነው። ምንም አልተሰማኝም። ሽቦዋን ስነቅላትም አልተሰማኝም። ደንበኛዬ "አላመመሽም?" ትለኛለች፤ እኔ ደግሞ ምነው ባመመኝ እላለሁ በሆዴ።

ሐኪም ቤት መጀመሪያ ስኳር መረመሩኝ፤ ነፃ ነኝ። ቢ12 ቫይታሚንም ታየ፤ ደህና ነው። ከዚያ ወደ ሌላ ሐኪም ተላክሁ። እሳቸው ብዙም አላወሩም። ክንዴን፣ ጀርባዬን፣ ባቴን በጥጥ እየነካኩ "እዚህ ይሰማሻል? እዚህስ?" ይላሉ። ምን እየፈለጉ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። "ሥጋ ደዌ ከቁርጭምጭሚት ጀርባ ያለችውን ነርቭ ማጥቃት ይወዳል፤ እሱ አለመሆኑን ላረጋግጥ ነው" አሉኝ።

ያደግሁት ዘነበወርቅ፣ አለርት ሆስፒታል አካባቢ ነው። በሽታው በመድኃኒት እንደሚድን፣ መድኃኒቱም በነፃ እንደሚሰጥ ከልጅነቴ አውቃለሁ። ጎረቤቶቻችን የነበሩ የዳኑ እናቶች እጃቸው የቆለመመ ቢሆንም ጥጥ ሲፈትሉ ማንም አይቀድማቸውም። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ጉልበቴ ራደ። እውቀትና ፍርሃት አንድ ቤት ተከራይተው ይኖራሉ መሰለኝ።

አልነበረም። ሐኪሙ እግሬን ያዙና ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ጀርባ በጣታቸው ጫፍ መታ መታ አደረጉት። ንዝረቱ እስከ ጣቶቼ ተፈተለከ። "ይኸው፣ እዚህ ነው" አሉ። የነርቭ ምርመራውና ኤምአርአዩ ያሉትን አጸና። ወደ ውስጥ እግር የሚወርደው ትልቁ ነርቭ ከቁርጭምጭሚት ጀርባ ከደም ሥርና ከጅማት ጋር ተጋፍቶ በጠባብ መተላለፊያ ያልፋል። ከላዩ ጠንካራ መቀነት መሰል ሽፋን አለ። እኔ ጋ እዚያች ጠባብ ቦታ ውስጥ ፈሳሽ የቋጠረች፣ ባቄላ የምታህል እባጭ በቅላ ነርቩን ጨቁናዋለች። ታርሳል ተነል ሲንድረም ይባላል አሉኝ። ስሜቱ መጥፋት ስለጀመረ ቶሎ መከፈት አለበት።

ጸሎቱ እስከዚህ ድረስ አልተቋረጠም። የረቡዕ የቤት ለቤት ኅብረታችን ስሜን ይዞ ይጸልይ ነበር። ቀዶ ጥገና መባሉን ስነግራቸው ግን አንዲት የጸሎት እናታችን መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ገለጡና 2ኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 16 አነበቡልኝ። ንጉሡ አሳ እግሩን ታመመ፤ ባለ መድኃኒቶችን ፈለገ እንጂ እግዚአብሔርን አልፈለገም፤ ሞተ። አነበቡና ዝም አሉ። ዝምታቸው ከንባቡ በላይ ከበደኝ። ከሕመም ዓይነት ደግሞ እግር! ጥቅሱ በልኬ የተሰፋ ነው የሚመስለው።

ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። እምነት የለኝም ማለት ነው? በማግስቱ መጋቢያችን ሊጠይቁኝ ሲመጡ ነገርኳቸው። ሳቅ አሉና 2ኛ ነገሥት 20ን አወጡ። ሕዝቅያስ ለሞት ታመመ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ጸለየ። እግዚአብሔርም ጸሎትህን ሰምቻለሁ፣ እንባህን አይቻለሁ፣ እፈውስሃለሁ፣ 15 ዓመትም እጨምርልሃለሁ አለው። "ቀጥሎ ያለውን አንብቢ" አሉኝ። ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ አምጡ አለ። በእባጩ ላይ አደረጉለት፤ ዳነ።

እባጭ የሚለውን ሳይ እኔም ሳቄ መጣ። አሳ የተወቀሰው እግዚአብሔርን ስላልፈለገ ነው፤ እኔ እሱን ነው ሌት ተቀን የምፈልገው። በለሱ ቢላዋ ሆኖ ቢመጣ ምን ቸገረኝ? ያን ማታ ጸሎቴ አጭር ነበር። "ጌታ ሆይ፣ ስሜቴን መልስልኝ። ቆሜ ልሥራ።" ሌላ አልጨመርኩም።

ገንዘቡ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። የሠፈር እቁባችን ላይ የእኔ ዕጣ ገና ነበር። የወጣላት ሴት መጥታ "አንቺ ቅደሚ፣ ያንቺን ጊዜ እኔ እወስዳለሁ" አለችኝ። ሳልጠይቃት ነው። በዚህ በተወደደ ኑሮ እቁቡን የሚለቅ ሰው ካያችሁ ተአምሩ እዚያው ጀምሯል በሉ።

ቀዶ ጥገናው ብዙ የሚወራ የለውም። ከወገብ በታች አደንዝዘው፣ በመጋረጃ ጋርደው ነው የሠሩኝ። አልተኛሁም። ለራሴ ቀስ ብዬ መዝሙር እዘምራለሁ። ነርሷ ጎንበስ ብላ "ድምፅሽን ከፍ አድርጊው፣ እኛም እንስማ" አለችኝ። ትንሽ ቆይቶ ከመጋረጃው ወዲያ ሐኪሙ "ወጣች" ሲሉ ሰማሁ።

ከባዱ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። እኔ የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። ሊፍት የለም። ስፌቱ እስኪወጣ እግሬን መርገጥ ክልክል፣ ከልብ ከፍ አድርጌ መስቀል ግዴታ ነው። ከታች ያለችው ሙስሊም ጎረቤቴ ሁለት ወንዶች ልጆቿን ጠርታ በፕላስቲክ ወንበር ተሸክመው አወጡኝ። እያንዳንዱ ፎቅ ላይ አረፍ ሲሉ "ቀለል ያለች ናት እኮ" ይባባላሉ፤ ላባቸው ግን ሌላ ነው የሚናገረው። ፊት ለፊቴ ያለችው ኦርቶዶክስ ጎረቤቴ ጠበል ይዛ መጣች። "እናንተ እንደማትጠጡ አውቃለሁ፣ እኔ ለራሴ ደስ እንዲለኝ ነው" ብላ ራስጌዬ አኖረችው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሌሊቶች ጀሪካኔን የሚሞሉልኝ ተራ ይገቡ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ይህን ስናገር አንዳንድ ሰው ፊቱን ቋጠር አድርጓል። ለእኔ ግን የጸሎቴ መልስ እነዚያን ደረጃዎች የወጣው በእነሱ ትከሻ ነው።

ስፌቱ ከወጣ በኋላ በክራንች ደረጃ መውጣት ተማርኩ። ሲወጡ ደህናው እግር ይቀድማል፣ ሲወርዱ የታመመው። ፊዚዮቴራፒስቷ ደግሞ እግሬን መንካት እንዳልፈራ ታለማምደኝ ጀመር። ውስጥ እግሬን መጀመሪያ በጥጥ፣ ከዚያ በነጠላ፣ ከዚያ በፎጣ፣ በኋላም በጆንያ ቁራጭ መዳሰስ። ቤት ስሄድ ሳፋ ውስጥ ምስር ጨምሬ እግሬን እንዳመላልስበት ነገረችኝ። እናቴ ይህን ስትሰማ ከመቀመጫዋ ተነሳች። "እህል ይረገጣል? እኔ በሕይወት እያለሁ!" ምስሩን ከእጄ ነጥቃ ወሰደች። በማግስቱ ከታች ከሚሠራው ሕንፃ አሸዋ ለምና፣ ሁለት ጊዜ አጥባ፣ ፀሐይ ላይ አድርቃ አመጣችልኝ። አሸዋውም ያንኑ ሥራ ሠራ።

በዚህ መሃል ነው ሕመሙ እንደ አዲስ የተነሳው። ደንዝዞ የኖረው እግሬ ሌሊት ላይ ኤሌክትሪክ ይለቅብኝ ጀመር። ከቁርጭምጭሚቴ ተነስቶ ወደ ታች ይወረወራል፣ ከእንቅልፌ ያነቃኛል። የታዘዘልኝን የነርቭ ሕመም መድኃኒት፣ ጋባፔንቲን፣ እውጣለሁ፣ ግን ሙሉ በሙሉ አያስተኛኝም። ያን ጊዜ የጸለይኩት "ይህን አጥፋልኝ" ብዬ ነው። ኅብረቱንም "ይጥፋላት" ብላችሁ ጸልዩ አልኳቸው። አልጠፋም። ያቺ የአሳ ጥቅስ ሌሊት ሌሊት ትመጣብኛለች።

ለቀጠሮ ስሄድ ለሐኪሙ እያለቀስኩ ነገርኳቸው። እሳቸው ፊታቸው በራ። አጋደሙኝና እንደ መጀመሪያው ቀን መታ መታ ማድረግ ጀመሩ፤ አሁን ግን ከቁርጭምጭሚቱ ጀርባ ተነስተው ወደ ውስጥ እግሬ እየወረዱ ነው። ንዝረቱ የት ላይ እንደሚነሳ ይጠይቁኛል። ተረከዜን አልፎ አንድ ቦታ ላይ "እዚህ!" ስላቸው ከኪሳቸው ስክሪብቶ አውጥተው ቆዳዬ ላይ ትንሽ መስመር ሰመሩ። "ነርቩ እያደገ ነው ልጄ። ጫፉ የደረሰበት እዚህ ነው። የሚወጋሽ እየነቃ ያለው ነው" አሉኝ። በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሄዳል አሉ።

ቤቴ ገብቼ የልብስ ሰፊ ሜትር ተዋስኩ። ከቁርጭምጭሚቴ ጀርባ እስከ አውራ ጣቴ ጫፍ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። 200 ሚሊ ሜትር። በቀን አንድ ከሆነ 200 ቀን። ስክሪብቶው ሳይለቅ በስልኬ ፎቶ አነሳሁት። ያን ሌሊት ኤሌክትሪኩ ሲመጣ፣ እመኑኝ፣ አልጋዬ ላይ ሆኜ "ተመስገን" አልኩ። ጥርሴን ነክሼ ነው ያልኩት፣ ግን ብያለሁ። ይጥፋልኝ ብዬ የለመንኩት ነገር ለካ የመጀመሪያው ጸሎቴ መልስ ነበር! ጌታ የኋለኛዋን ልመናዬን ባለመስማቱ ምን ያህል እንዳመሰገንኩት አትጠይቁኝ።

ከዚያ ወዲያ በየቀጠሮው አዲስ መስመር ይሰመራል። ፎቶዎቹን ደርድሬ አስቀምጫቸዋለሁ። አንዱ ተረከዝ አጠገብ፣ ቀጣዩ እግሬ ጎድጎድ የሚልበት ጋ፣ ሌላው ከጣቶቼ ሥር። ኅብረታችን ውስጥ ፎቶዎቹን ሳሳይ ልጆቹ ሳይቀሩ "ዛሬስ የት ደረሰ?" ይሉኝ ጀመር። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 3 ላይ በመቅደሱ በር የነበረው ሰው እግሩና ቁርጭምጭሚቱ ባንዴ ጸና ይላል። ያን ባንዴ ያደረገ ጌታ የእኔን በሚሊ ሜትር ሊያደርገው ፈለገ። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም፤ እኔም ጠበቃው አይደለሁም።

ሥራ ስመለስ ጎማ ያላት ከፍ ያለች ወንበር ገዝቼ ነው። ተቀምጬ እየተንሸራተትኩ ፔስትራ እሠራለሁ፤ ደንበኞቼ ይስቃሉ። አንድ ከሰዓት በኋላ የአንዲት ልጅ ፀጉር ጫፍ ጫፉን እየቆረጥኩ ቀኝ እግሬን የሆነ ነገር በላኝ። በግራ እግሬ አከክ አደረግሁት። አሁንም በላኝ። ዝቅ ብዬ ሳይ የተቆረጠ ፀጉር በነጠላ ጫማዬ ገብቶ በአውራ ጣቴና በቀጣይዋ ጣት መሃል ተሰግስጓል። መቀሱን ጠረጴዛ ላይ ጣልኩና እልል አልኩ። ልጅቷ ፀጉሯን ያበላሸሁባት መስሏት መስታወቱን ያዘች። የሽቦ ውጋት ያልተሰማው እግር ፀጉር በላው!

ምስክርነቱን ከሰጠሁ በኋላ ያቺ የጸሎት እናታችን በር ላይ ጠብቀው አቀፉኝ። ስለ አሳ አላነሱም፤ እኔም አላነሳሁም። የሐኪሙን ስልክ ጠየቁኝ፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ሰጠኋቸው።

ዛሬ ቆሜም ተቀምጬም እሠራለሁ። ብዙ የቆምኩ ቀን ማታ ላይ ትንሽ ይነዝረኛል፤ እግሬን ትራስ ላይ ከፍ አድርጌ ሳሳርፈው ይለቀኛል። አራተኛ ፎቅ ያለ ክራንች እወጣለሁ፤ ሦስተኛው ላይ አንድ ጊዜ አርፋለሁ፣ እሱ ግን የነርቭ ሳይሆን የዕድሜ ነው። የቀረችው ትንሿ ጣቴ ናት። ጎኗ ላይ አሁንም ጥርት ያለ ስሜት የለም። የምትጸልዩልኝ ካላችሁ የቀኝ እግር ናት።