ማንም ያልነካው ውሃ ማሞቂያ

ሜሪላንድ ውስጥ የሂተርና የኤሲ ቴክኒሽያን ነኝ። አንድ ክረምት፣ ብርዱ አጥንት ሰብሮ በሚገባበት ሰሞን፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ አንዲት እናት ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ኮሪደሩ ላይ ያለችው ነገር ሌሊት እየጮኸች አላስተኛ አለችኝ። ባትሪዋን አውጥቻታለሁ። እስኪ መጥተህ እያት።»

የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም ናት፤ ሽታም ቀለምም የሌለው መርዛማ የጭስ ጋዝ ቤት ውስጥ ሲኖር የምትጮኽ። ጋዙ 70 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ክፍል 70) ላይ ከቆየ ከ1 እስከ 4 ሰዓት ውስጥ እንድትጮኽ ነው የምትሠራው። ስለዚህ ስትጮኽ ነገሩ ቀደም ብሎ ጀምሯል ማለት ነው። «እማማ፣ አሁኑኑ ይውጡና 911 ይደውሉ» አልኳቸው። «ምን ተቃጠለና ነው እሳት አደጋ የምጠራው?» ብለው ተከራከሩኝ። በስንት ልመና ወጡ።

እኔ ስደርስ የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ለክተው፣ ጋዙን ዘግተው፣ መስኮቱን ሁሉ ከፍተውታል። እማማ ጎረቤት ቤት ተቀምጠዋል። ራሳቸውን እንደሚያማቸው ያኔ ነገሩኝ። «ቅዳሴ ስሄድ ይተወኛል፣ ቤቴ ስመለስ ይነሳብኛል። ደም ግፊቴ መስሎኝ ነበር።»

ቤዝመንት ወረድኩ። ፈርነሱ፣ ማለትም ቤቱን የሚያሞቀው የጋዝ ሂተር፣ አዲስ ነው። ባለፈው ዓመት በሰው በሰው የተገኘ ሠራተኛ በርካሽ ገጥሞላቸዋል። «ፐርሚት ገንዘብና ጊዜ ማባከን ነው» ብሏቸው ያለ ፐርሚት፣ ማለትም ያለ መንግሥት የሥራ ፈቃድ። እውነቱን ለመናገር ለፈርነሱ ብቻ ከሆነ እጁ መጥፎ አይደለም።

ችግሩ ጎኑ የቆመው የጋዝ ውሃ ማሞቂያ ነው። ድሮ ሁለቱም ጭሳቸውን የሚያወጡት በአንድ ሰፊ የጡብ ጭስ ማውጫ ነበር። የፈርነሱ ሙቀት ጡቡን ያሞቀዋል፣ የማሞቂያው ጭስም አብሮ ይወጣል። አዲሱ ፈርነስ ግን ከ90 በመቶ በላይ ብቃት ያለው ስለሆነ ጭሱ ቀዝቃዛ ነው፤ በፕላስቲክ ቱቦ በግድግዳ በኩል ይወጣል። ማሞቂያው ብቻውን ቀረ። ለዚያ ሰፊና ቀዝቃዛ ጡብ አቅም የለውም። ጭሱ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀዘቅዝና ወደ ቤት ይመለሳል። የልብስ ማድረቂያው ሲነሳ ደግሞ የቤቱን አየር ወደ ውጭ ስለሚስብ ይብሳል። ማሞቂያው አናት ላይ ያለው ፕላስቲክ ቀልጦ ነበር። እሱን ያየ ቴክኒሽያን ሌላ ማስረጃ አይፈልግም።

ብዙ ሰው ፐርሚት የሚወጣው ለተቀየረው ዕቃ ብቻ ይመስለዋል። ኢንስፔክተሩ ግን ሲመጣ ያልተቀየረውንም ያያል፤ ጭስ ማውጫው ውስጥ ማን እንደቀረ ይጠይቃል። ያ ሰውዬ ፐርሚት አውጥቶ ቢሆን ኖሮ ይሄ የዚያኑ ሳምንት ይያዝ ነበር።

እኛ በሥርዓቱ ጀመርነው። እዚህ ሞንጎመሪ ካውንቲ ውስጥ የሜካኒካል (የሂተርና የኤሲ ሥራ) ፐርሚቱን የሚሰጠው ካውንቲው ነው፤ የጋዝ ሥራው በአብዛኛው የሚታየው ግን ደብሊው ኤስ ኤስ ሲ፣ ማለትም የውሃ ድርጅቱ ዘንድ ነው። የውሃ ድርጅት ጋዝ ውስጥ ምን አገባው? እኔም ስጀምር ገርሞኝ ነበር። ሮክቪል ከተማ ውስጥ ከሆናችሁ ደግሞ የራሱ ቢሮ አለው። ስለዚህ ከሥራ በፊት ቤቱ የማን ክልል እንደሆነ ማጣራት ግድ ነው።

ጭስ ማውጫው ውስጥ በማሞቂያው ልክ የሆነ ቀጭን የአሉሚኒየም ላይነር (የውስጥ ቱቦ) ከላይ እስከ ታች አስገባን። ኢንስፔክተሩ መጥቶ ላይነሩን አየ፣ አለፈ። ከዚያ ዞሮ ፈርነሱ ጋ ሄደና የጋዝ ቧንቧው ላይ ቆሻሻ የሚያጠራቅመው ቁራጭ እንደሌለ አሳየን። የድሮው ሰውዬ ትቶት ነው። ለሱም ሥራ ጨመርን።

እማማ ሰውዬው ብሩን ይመልስላቸው እንደሆነ ልጃቸውን አስደወሉት። ስልኩ አይነሳም። ውሉ የታለ ስላቸው፣ ወረቀት የሚባል አልነበረም። የላይሰንስ ቁጥሩንም የጠየቀው አልነበረም።