ግልባጭ ለአምስቱ

ማመልከቻ ከሚያጽፍ ሰው ጋር የሚያጨቃጭቀን ብዙ ጊዜ ዋጋ አይደለም፤ ግልባጭ ነው። ደንበኛ ግልባጭ ሲበዛለት ደስ ይለዋል። ለቀበሌ የሚጻፈው ደብዳቤ ለክልሉም፣ ለፌዴራሉም፣ ለእንባ ጠባቂም፣ ቢቻል ለጠቅላይ ሚኒስትሩም እንዲደርስለት ይፈልጋል። እኛ ደግሞ ግልባጭ ሲበዛ ዋናው ተቀባይ «ሌላው ያየዋል» ብሎ ወደ ጎን እንደሚያደርገው ስንት ጊዜ አይተናል። ብንናገር ማን ይሰማናል? ወረቀት የሚቆጥብ ጸሐፊ ሰነፍ ነው የሚባለው።

የምሠራው ጎንደር፣ ፒያሳ አካባቢ ነው። ጽሕፈት፣ ፎቶኮፒ፣ ላሚኔሽን። ሕግ በማታ ተምሬያለሁ፤ የጥብቅና ፈቃድ ግን የለኝም። ስለዚህ የጠበቃ ጥያቄ እየተጠየቅሁ የጸሐፊ ሒሳብ የምቀበል ሰው ነኝ። ነገሩ የሆነው በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ወራት ነው። ኢንተርኔት ተዘግቷል፣ መብራት ይመጣል ይሄዳል፣ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል።

አንድ የእህል ነጋዴ መጡ። ቅዳሜ ገበያ የሚያውቃቸው ሰው ናቸው። የወንድማቸው ልጅ ከታሰረ ወራት አልፈዋል፤ ዳኛ ፊት አልቀረበም። የትና በማን እጅ እንደነበረ እዚህ አልጽፍም። እሳቸው ግን የጻፉትን ሁሉ ይዘው ነበር። በላስቲክ የተጠቀለለ ክላሰር ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉ። የማመልከቻው ብዛት! እያንዳንዱ ላይ ክብ ማኅተም አለ፤ ከማኅተሙ ሥር በእስክሪብቶ የገቢ ቁጥር። በአንዱ ላይ የስቴፕለሩ ሽቦ ዝጎ ወረቀቱን አበላሽቶታል። ሌላው ላይ ከማኅተሙ አጠገብ የቡና ስኒ አርፎበት ኖሮ፣ ቡናማው ክብ ሁለተኛ ማኅተም ይመስላል። ሁሉም በቀን ቅደም ተከተል ተደርድረዋል። እንደሳቸው ፋይል የሚይዝ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ አላየሁም።

«ለጄኔቫ ጻፍልኝ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ጄኔቫ ለማን?»

«ለተባበሩት መንግሥታት ነዋ። የመብት ጉዳይ የሚታየው እዚያ አይደለም እንዴ? ራዲዮ ሰሚ እኮ ነኝ።»

እኔ ደግሞ የተማርኩትን ሳሳይ ደስ ይለኛል። ወንበር ሰጠኋቸውና ጀመርኩ። ሄግ ያለው ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት አይሆንም፤ ኢትዮጵያ ፍርድ ቤቱን ያቋቋመው የሮሙ ስምምነት አባል አይደለችም፣ ደግሞም የአንድ እስረኛ አቤቱታ አይቀበልም። የሲቪልና ፖለቲካ መብቶችን ቃል ኪዳን አገራችን በ1985 ተቀብላለች፤ ግለሰብ በቀጥታ እንዲከስ የሚፈቅደውን ተጨማሪ ፕሮቶኮል ግን አልተቀበለችም። ጋምቢያ፣ ባንጁል የሚገኘው የአፍሪካ የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አቤቱታ ይቀበላል፤ ነገር ግን መጀመሪያ የአገር ቤቱን ደጅ ሁሉ ጨርሰህ ና ይላል።

«ይኼን ሁሉ ደጅ አልጨረስኩም?» ብለው በመዳፋቸው ክላሰሩን መታ መታ አደረጉ።

«ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው እስኪወሰን ነው የሚሉት።»

«ልጁን ፍርድ ቤት አላቀርብ ብለውኝ ነው እኮ የምጮኸው!»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ ዳኛ ፊት በ48 ሰዓት ውስጥ ይላል፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ደግሞ ነበረ። አንቀጽ 13 መብቶቹ የተባበሩት መንግሥታት ካወጣው ባለ 30 አንቀጽ ሁሉ አቀፍ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ ጋር ተጣጥመው ይተረጎማሉ ይላል። ፈተና ላይ ጽፌው ጥሩ ነጥብ አግኝቼበታለሁ።

«ያ ጄኔቫዎች ለእኛ አገር ያቋቋሙት መርማሪ ኮሚሽንስ?»

በታኅሣሥ 2014 የተቋቋመውን ማለታቸው ነው። በድርጅቱ የሰብዓዊ መብቶች ምክር ቤት 21 አገሮች ደግፈው፣ 15 ተቃውመው የጸደቀው። «እሱማ በ2016 መጀመሪያ ላይ አበቃ» አልኳቸው። «ዕድሜው ይራዘም ብሎ ሐሳብ የሚያቀርብ አገር ጠፋ።»

«ተከራክረው ተሸንፈው ነው?»

«አይ፣ የውሳኔ ሐሳብም አልቀረበም። ድምፅ አልተሰጠበትም።»

ሰውዬው ብዙ ነገር ያዩ ናቸው፤ ይቺ ግን ከነከነቻቸው። ተሸንፎ መውጣት ይገባቸዋል። እጁን የሚያወጣ ሰው ሳይገኝ መቅረት ግን አልገባቸውም። እውነቱን ለመናገር ለእኔም አልገባኝም።

አንድ መንገድ ቀርቶኝ ነበር። «በዘፈቀደ እስራት ላይ የሚሠራ የተባበሩት መንግሥታት ቡድን አለ» አልኳቸው። «እ.ኤ.አ. በ1991 የተቋቋመ ነው። አምስት ባለሙያዎች ናቸው። አገሩ ፈረመ አልፈረመ አይሉም። የአገር ቤቱን ጨርሰህ ናም አይሉም።»

ፊታቸው በራ። «ታዲያ ይኼን ይዘህ ነው ስታደክመኝ የነበረው? ምን ያደርጋሉ?»

«ለመንግሥት ይጽፋሉ። በ60 ቀን መልስ ስጡን ይላሉ።»

«ካልሰጠስ?»

«በያዙት ማስረጃ መርምረው እስሩ የዘፈቀደ ነው አይደለም የሚል አስተያየት ይሰጣሉ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ… አስተያየቱ ይታተማል።»

ቆይተው ቆይተው «ዋሱ ማነው?» አሉ።

«የምን ዋስ?»

«እኔ አንድ ኩንታል ጤፍ በዱቤ ስሰጥ ዋስ አስጠራለሁ። እነዚህ ሰዎች ለዓለም ሕዝብ 30 አንቀጽ ቃል ሲገቡ ዋስ የጠራ የለም?»

እንግዲህ ወደ ፀጥታው ምክር ቤት መግባት ግድ ሆነ። 15 አባላት እንዳሉት፣ አምስቱ ቋሚ እንደሆኑ፣ አሜሪካ፣ ብሪታንያ፣ ፈረንሳይ፣ ሩሲያና ቻይና እንደሆኑ፣ ከእነሱ አንዱ እምቢ ካለ 14ቱ ቢስማሙም ነገሩ እንደሚወድቅ ነገርኳቸው። በጣታቸው ቆጠሩ።

«እነዚያም አምስት፣ እነዚህም አምስት።»

«አዎ ጋሼ።»

«ጉልበቱ ያለው የትኞቹ ጋ ነው?»

«እነዚያ ጋ። አገሮቹ ጋ።»

«በል ለእነዚያ ጻፍ።»

አይሆንም አልኳቸው። አሠራሩ አይፈቅድም፤ ደብዳቤው ወደ ሥራ ቡድኑ ነው የሚሄደው። ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ዋናው ለባለሙያዎቹ፣ ግልባጩ ለአምስቱ አገሮች እንዲሆን ተስማማን ስል፣ ስክሪኑን አይተው እንደገና ተቆጡ።

«አንተ ልጅ፣ ይኼን ሥራ ስንት ዓመት ሠራህ? መወሰን የሚችለውን ከታች፣ መወሰን የማይችለውን ከላይ አድርገህ ትጽፋለህ? ግልባጭ እኮ ለመረጃ ነው!»

«እኔ አይደለሁም ጋሼ ከታች ያደረግኋቸው። ድርጅቱ ሲሠራ ነው እንደዚህ የተሠራው።»

ልክ በዚህ ሰዓት ጎረቤቴ ጠበቃው ፎቶኮፒ ሊያስነሳ ገባ። ትከሻው ላይ የሁሉ አቀፉ መግለጫ 75ኛ ዓመት ሲከበር በአንድ ሆቴል አዳራሽ የታደለው ቦርሳ አለ። አዳራሹ፣ አበሉ፣ የሻይ ሰዓቱ ኩኪስ ሳይቀር ተርኮልኛል። ስለ 30ዎቹ አንቀጾች ግን ያወራልኝ ነገር ትዝ አይለኝም። ስክሪኑን በትከሻዬ ላይ አጮልቆ አየና ሳቀ።

«ለጄኔቫ? ለቅዱስ ገብርኤል ብትጽፉ ቶሎ ይደርስ ነበር።»

ነጋዴው ዝም አሉ። ጠበቃው ግን ሳቁ ስለጣመው ቀጠለ። «ጋሼ፣ ጃንሆይ ራሳቸው ሄደው በአካል ተናግረዋል እኮ። ምን ፈየደ? ጃንሆይን ያልሰማ ጄኔቫ የእህል ነጋዴ ይሰማል?»

ሐቁ ልክ ነው፤ እሱን አልወስድበትም። ጣሊያን ጎንደር የገባው በመጋቢት 1928 ነው። ጃንሆይ ሰኔ 23 ቀን ጄኔቫ፣ ከተባበሩት መንግሥታት በፊት የነበረው የመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆመው ስለ መርዝ ጋዙ ተናገሩ። ሳምንታት ሳይቆይ በጣሊያን ላይ የተጣለው ማዕቀብ ተነሣ። ማዕቀቡም ቢሆን ከመጀመሪያው ነዳጅን አልነካም፤ የስዊዝ ቦይም ለጣሊያን መርከቦች ክፍት ነበር። እዚህ ፒያሳ ቀና ብሎ ጣሊያን የሠራቸውን ፎቆች ያየ ሰው ለዚህ ነገር መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልገውም። ጄኔቫ ፋይሉን ስትዘጋ እዚህ መሠረት እየተቆፈረ ነበር።

ነጋዴው መነጽራቸውን አወለቁ። አልተቆጡም። በገበያ ድምፅ፣ የዋጋ ክርክር እንደሚጨርስ ሰው፣ «ጃንሆይ ባይናገሩ ኖሮ ዛሬ አንተ በምን ታሾፍ ነበር?» አሉት።

ጠበቃው አፉን ከፈተ። ዘጋ። ፎቶኮፒውን ሰብስቦ «በደብተር ያዝልኝ» ብሎኝ ወጣ። እኔ ሳቄን ለመደበቅ ፕሪንተሩ ወረቀት እንደያዘበት ሰው ጎንበስ አልኩ። እስከ ዛሬ ነገሩ ትዝ ባለኝ ቁጥር ለብቻዬ እስቃለሁ።

ይህን ስል ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጥብቅና መቆሜ አይደለም። ሰው የሚናደደው በከንቱ አይደለም። በሩዋንዳ እልቂቱ እየተፋፋመ በነበረበት በሚያዝያ 1986 የፀጥታው ምክር ቤት የወሰነው እዚያ 2,500 ገደማ የነበረውን የሰላም አስከባሪ ጦር ወደ 270 እንዲቀንስ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ቦስኒያ ውስጥ ስሬብሬኒሳ፣ ድርጅቱ ራሱ «የተጠበቀ ቀጣና» ብሎ ባወጀው ከተማ፣ ሰማያዊ ቆብ ያደረጉ የድርጅቱ ወታደሮች ባሉበት ወደ 8,000 የሚጠጉ ወንዶችና ልጆች ተወስደው ተገደሉ። ከዚያ በኋላ ሪፖርት ተጻፈ። ሪፖርቶቹ ደግሞ ጥሩ ናቸው፤ በጽሑፍ ሰው ዓይን ነው የምለው። ጥፋቱ የማን እንደሆነ በደንብ ተዘርዝሯል። እኔ የሚያናድደኝ እሱ ነው። ድንቁርና ቢሆን ይቅር ይባላል። እነሱ ግን ያውቃሉ፤ ያወቁትን በሥርዓት ፋይል ያደርጋሉ። የነጋዴው ክላሰር ትልቁ ወንድም ጄኔቫ ተቀምጧል።

ቢሆንም ጻፍኩ። የቡድኑን መጠይቅ ቅጂ ድሮ ተማሪ ሳለሁ አውርጄው ፍላሽ ላይ ነበረኝ። የተያዘበት ቀን፣ የያዘው አካል፣ ማዘዣ አሳይተዋል ወይ፣ ቤተሰብ ያውቃል ወይ። እንግሊዝኛውን አስተካክዬ ከታች አምስቱን አገሮች ደረደርኩ። ቻይናን ከላይ አድርግ አሉኝ፤ «መንገድ ስለሚሠሩ ያውቁናል» ብለው። አደረግሁ። መብራት ሁለት ጊዜ ሄዶብኝ አምሽቼ ጨረስኩ። ጠዋት ጣሊያን ከሠራው ፖስታ ቤት በሪኮማንዴ፣ ማለት በአደራ ፖስታ፣ ላኩት።

ከዚያ በኋላ የሆነው የሙያ ኩራቴን የነካ ነው። ሰውዬው የደብዳቤውን ኮፒ ከነሪኮማንዴው ደረሰኝ ይዘው ስንት ጊዜ ወደተመላለሱበት ቢሮ ሄዱ። ያ እስከዚያ ቀን በመስኮት ሲያናግራቸው የነበረው ሠራተኛ ወረቀቱን ገለጥ አድርጎ መጨረሻው ላይ የአምስቱን አገሮች ስም ሲያይ «ይኼ ምንድን ነው?» አለ። «ግልባጭ ነው» አሉት። ወንበር አቀረበላቸው። ግልባጭ ማብዛት ጥቅም የለውም ስል የኖርኩት ሰውዬ ይህን እሳቸው ራሳቸው ቆመው እየተረኩልኝ ሰማሁ።

ልጁ ከጊዜ በኋላ ተፈታ። ከሌሎች ጋር አብሮ፣ ያለ ክስ፣ ያለ ማብራሪያ። ማን እንዳስፈታው የሚያውቅ የለም። ነጋዴው ጄኔቫ ናት ይላሉ። ጠበቃው ለቤተሰቡ አንድ ሁለት ስልክ ደውሎ ነበርና እኔ ነኝ ብሎ የድካሙን ተቀበለ። ቡድኑ ደብዳቤያችን እንደደረሰው የሚገልጽ አንዲት መስመር እንኳ አልመጣችም።

ቡና ሊጋብዙኝ የመጡ መስሎኝ ነበር በቀደም ክላሰራቸውን ታቅፈው ሲገቡ።

«ጻፍልኝ።»

«ለማን ጋሼ?»

«ለጄኔቫ። መልስ አልሰጡኝማ።»

«ልጁ ተፈታ አይደል?»

«ልጁማ ተፈታ። ይኼ የገባበት ማኅተም ግን የት አለ?» አሉና ከክላሰሩ መጨረሻ ያስቀመጡትን ኮፒ አሳዩኝ። ከሁሉም ማመልከቻ የገቢ ቁጥር የሌለው እሱ ብቻ ነው። «የእኛዎቹ ቢያንስ ማኅተም ይመታሉ።»

ጻፍኩላቸው። ጉዳዩ፦ ለላክነው አቤቱታ መልስ ስለመጠየቅ። ግልባጩን በተመለከተ አልተከራከርኩም። ለውጭ አገር ደብዳቤ አሁን ቅድሚያ ክፍያ ነው የምጠይቀው፤ ክርክሩ ከጽሑፉ ስለሚረዝም። እሳቸውም ሳይከራከሩ ከፈሉ። የጠበቃው ፎቶኮፒ ግን ዛሬም ደብተሬ ላይ ነው።