ቢጫዎቹ ኩባያዎች

ለክፍል ምርምር ፌጦን የሚያህል የለም። በ3 ቀን ይበቅላል፣ ጥሬ፣ ማለትም ገና ያልበሰለ፣ ኮምፖስትን ደግሞ አይችልም። ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ባለ አንድ ትምህርት ቤት የ5ኛ ክፍል ልጆች በፌጦ የፈተኑት የእምቦጭ ኮምፖስት ነበር። አበባ ያወጣውን እምቦጭ አልወሰዱም፤ ክምሩ በደንብ ካልጋለ ዘሩ ሳይሞት ይተርፍና ጎርፍ ወደ ሐይቁ ይመልሰዋል። ቀሪውን አጠውልገው፣ ከትፈው፣ ከጤፍ ጭድና ከእበት ጋር እያነባበሩ ከመሩት።

ታቻቸው የተበሱ የእርጎ ኩባያዎች በሦስት ዓይነት ተሞሉ፦ አፈር ብቻ፣ አፈርና የ3 ወር ኮምፖስት እኩል፣ አፈርና የ1 ወር ኮምፖስት እኩል። በእያንዳንዱ 20 ፍሬ። ፌጦ ውሃ ሲነካው ስለሚዝለገለግ በደረቁ ቆጥሮ ዘርቶ፣ አፈር በስሱ ነስንሶ፣ ከዚያ ውሃውን በማንኪያ እኩል እኩል ማጠጣት ነው።

የ1 ወሩ ግማሹ እንኳ አልበቀለም፤ የበቀለውም ቢጫ ሆነ። ያልበሰለ ኮምፖስት ውስጥ ያለው አሞኒያና አሲድ ጨቅላውን ሥር ይጎዳል፤ ጭዱን ገና የሚያብላሉት ተሕዋስያንም ናይትሮጅኑን ይሻሙታል።

እንግዶች ሊመጡ ሲሉ ጉብኝቱን የሚያስተባብረው ሰው ገብቶ፣ «እነዚህን ቢጫዎች አንሡልኝ» አለ።

አንዲት ልጅ፣ «ጋሼ፣ እነሱን ካነሣናቸው እኮ የሚቀረው ፌጦ ብቻ ነው» አለችው።

«እንግዳ ቢጫ ነገር ሊያይ አይመጣም።»

ልጅቷ ልክ ነበረች። የበቀለው ብቻ ከታየ ኮምፖስቱ መቼ ለአትክልት መደብ እንደሚደርስ ማንም አያውቅም። ኩባያዎቹ ግን ከጠረጴዛው ወርደው መሬት ተቀመጡ፤ ሪፖርቱ ላይ የወጣው ፎቶም አረንጓዴዎቹን ብቻ የያዘ ነው። ልጆች ያገኙትን ውጤት እንዲህ መሸሸግ ዛሬም ያናድደኛል።

ከእንግዶቹ መካከል አንድ ገበሬ ወላጅ ቁጢጥ ብለው አንዱን ቢጫ ኩባያ አነሡና አሸተቱት። «ይኼማ ገና ነው። ስንቴ ገለበጣችሁት?» ልጆቹ አንዴ ብቻ አሉ። በየሁለት ሳምንቱ መገልበጥ ነበረበት። በማግስቱ ክምሩን ሲከፍቱት መሐሉ ደርቆ ነጭ ሻጋታ ይዟል፣ ጭዱም እንዳለ ነው። ውሃ እያርከፈከፉ፣ የዳሩን ወደ መሐል፣ የመሐሉን ወደ ዳር ገለበጡት፤ አንድ እፍኝ ሲጨመቅ በጣቶች መሐል አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ እስኪወጣው ድረስ።