ዓርብ በሱረት ፋብሪካ

የምኖረው ፍራንክፈርት ጥግ ኦፈንባህ ነው። ከተማችን ውስጥ ቢዩዚንግ ፓሌ የሚባል ቤተ መንግሥት መሳይ ሕንፃ አለ፤ ሙሽሮች ፎቶ ይነሱበታል። በሱረት፣ ማለትም በአፍንጫ በሚሳብ የትምባሆ ዱቄት፣ ገንዘብ የተሠራ መሆኑን ስሰማ አላመንኩም። የሱረት ነጋዴዎቹን የበርናርዶችን ሌላኛውን ፋብሪካ ለማየት ነው ደቡብ ጀርመን፣ ባቫሪያ ውስጥ ወዳለችው ሬገንስቡርግ የሄድኩት።

በባቡር ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ስለ መንገዱ የምነግራችሁ የለኝም፤ ተኝቼ ነበር።

ሆቴሉ ግን አላስተኛኝም። ጎኑ ያለው የቤተ ክርስቲያን ደወል በየሩብ ሰዓቱ ይደወላል። አዲስ አበባ ከቅዳሴ ማይክሮፎን አጠገብ አድጌ አንድም ቀን ቀስቅሶኝ አያውቅም። እዚህ ግን ቀጣዩን ደወል ስጠብቅ ነጋ። ዓርብ ስለሆነ እየጾምኩ ነው፤ ያልበላሁትን ቁርስ 17 ዩሮ አስከፈሉኝ። ተከራከርኩ፣ አልረታሁም።

ፋብሪካው ጌዛንተንሽትራሰ ላይ፣ አሮጌው ከተማ መሃል ነው። ከውጭ ሲያዩት የሀብታም መኖሪያ እንጂ ፋብሪካ አይመስልም። ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። ማምረት ካቆመ ከ20 ዓመት በላይ ቢሆነውም፣ ደረጃውን ሳንጨርስ ሽታው ተቀበለን። ጣፈጥ ያለ፣ የደረቀ ፍራፍሬና የአሮጌ ቆዳ ሽታ። ጃኬቴ ላይ ሳምንት ቆየ።

የበርናርድ ወንድማማቾች ሥራውን የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1733 ኦፈንባህ ነበር። ገጣሚው ጎተ በ1775 ያጫት ሊሊ ሸነማን ከዚህ ቤተሰብ ጋር ትዛመድ ነበር፤ እሷን ሊያይ ወደ ከተማችን ይመላለስ ነበር አሉ። ያኔ ጀርመን የምትባል አንዲት አገር የለችም፤ ትንሽ በሄድክ ቁጥር ኬላ፣ በየኬላው ቀረጥ። ሬገንስቡርግ በ1810 ወደ ባቫሪያ ተጠቃለለች፤ በ1812 በርናርዶች እዚህ ቅርንጫፍ ከፈቱ። ነጋዴ መቼም ኬላው ካስቸገረው ከኬላው ወዲያ ቤት ይሠራል።

ባቫሪያዎች የሚወዱት ሽማልትስለር የሚባለውን ሱረት ነው። ከብራዚል እንደ ገመድ ተጠማዞ የመጣውን ትምባሆ በማጣፈጫ ይነክሩታል፣ ያብላሉታል፣ ይፈጩታል። ዱቄቱ እንዳይቦንን የቀለጠ ስብ ይጨምሩበት ነበር፤ ኋላ ላይ በፓራፊን ዘይት ተተካ። ማሽኖቹን ሳይ ሠራተኞቹን አሰብኩ። ቀኑን ሙሉ ያስነጥሱ ነበር ወይስ አፍንጫቸው ለምዶ ነበር? አስጎብኚዋ ስለ ባለቤቶቹ ብዙ አወራች፣ ስለ ሠራተኞቹ ግን ጥቂት።

አብረውን የሚጎበኙ አንድ ሽማግሌ ከኪሳቸው ሱረት የያዘ ትንሽ የቆርቆሮ ሳጥን አወጡ። እጄን ገልብጠው ከአውራ ጣቴ ሥር ቆንጠር አድርገው ጠብ አደረጉልኝ። ይሉኝታ ይዞኝ ሳብኩት። ማስነጠሱ አላቆም አለ፤ ዓይኔ እንባ አዘነበ። እናቴ በጾም ቀን ሱረት ስስብ ብታየኝ ወዲያው ንስሐ አባቴ ጋ ትደውል ነበር። ሽማግሌው እየሳቁ ትልቅ ባለ አበባ መሐረብ ሰጡኝ፤ ስመልስላቸውም አልቀበልም አሉ።

ከድንጋዩ ድልድይ አጠገብ ዝነኛ የቋሊማ ቤት አለ። ወረፋው ረጅም ነበር። እኔ ድንችና ጎመን ብቻ በላሁ፤ ጎመኑ ውስጥ ሥጋ አለበት ወይ ብዬ ሦስት ጊዜ ጠይቄ።